ሁሉም ሲገዛ ምን ላድርግ? በአክሲዮን ገበያ ከመንጋው ጋር ላለመነዳት

አንድ አክሲዮን በሳምንት ውስጥ 40 በመቶ ወጥቷል። የምታውቋቸው ሰዎች ሁሉ ስለ እሱ ነው የሚያወሩት። አንዱ ያተረፈውን በስክሪንሹት ልኳል። ሌላው «ገና ምን አይታችሁ፣ እጥፍ ይሆናል» ይላል። እናንተ ስለ ድርጅቱ የምታውቁት ስሙን ብቻ ነው። እጃችሁ ግን ወደ ስልኩ እየሄደ ነው፤ ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አልደርስበትም የሚል ስሜት ሰቅዞ ይዟችኋል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያች ሰዓት ነው። ያቺ ሰዓት ስትመጣ ምን እንደምታደርጉ፣ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ምን አዘጋጅታችሁ እንደምትጠብቁ ልንገራችሁ።

ጉዳዩ በራሴ ላይ ደርሷል። ከዓመታት በፊት የማምናቸው ሦስት ጓደኞቼ የገዙትን አክሲዮን ገዛሁ። ድርጅቱ ገንዘብ የሚያገኘው ከምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልመልስላችሁም ነበር። ዋጋው በግማሽ ሲወርድ ልሽጥ ወይስ ልቆይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ የገዛሁበት ምክንያት የእኔ አልነበረም። በኋላ ቁጭ ብለን ስናወራ ሁለቱ ጓደኞቼ የገዙት ሦስተኛውን አይተው ኖሯል። ሦስተኛው ደግሞ «ብዙ ሰው እየገዛው ነው» ሲባል ሰምቶ ነው። ከአራታችን አንዳችንም የድርጅቱን ሒሳብ አላየንም።

ሰዎቹን ሳይሆን ማስረጃውን ቁጠሩ

«ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው?» ብዙዎቻችንን የሚጥለን ይህ ጥያቄ ነው። ሺህ ሰው ከገዛ ሺህ ሰው አጥንቶ ነው ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም።

እስቲ በዝግታ እንየው። የመጀመሪያው ሰው የድርጅቱን ሒሳብ አገላብጦ ጥሩ ሆኖ ስላገኘው ገዛ። ሁለተኛዋም በራሷ አጥንታ ገዛች። ሦስተኛው የራሱ ጥናት «ይቅርብህ» ብሎታል። ግን ሁለት ሰዎች ገዝተው አየ። እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ቢያውቁ ነው አለና ጥናቱን ጥሎ ገዛ። አራተኛው የሚያየው ሦስት ገዢ ነው፤ ሦስተኛው ተጠራጥሮ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አምስተኛው አራት ያያል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሺህ ይደርሳል። ሺህ ሰው ተሰልፏል፤ ከሰልፉ ጀርባ ያለው ጥናት ግን የሁለት ሰው ነው። ሁለቱ ተሳስተው ከሆነ ሺሁም ተሳስቷል።

ይህን ነገር ሱሺል ቢክቻንዳኒ፣ ዴቪድ ሂርሽሌይፈርና አይቮ ዌልች የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1992 በሒሳብ አሳይተውታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ከሥራቸው ሁለት ነገር ይዣለሁ። አንደኛ፣ ከመንጋው ጋር የሚነዳ ሰው ሞኝ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ሲያየው ያደረገው ነገር ያስኬዳል፤ ችግሩ የሁሉም ሲደመር ነው። ሁለተኛ፣ ሰልፉ ለምን በአንድ ጀንበር እንደሚበተን ይገባችኋል። ብዙ ሰው ስላለበት ጠንካራ ይመስላል እንጂ የቆመው በጥቂት መረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ መጥፎ ወሬ ብቅ ሲል ሁሉም በአንዴ ዞሮ ወደ በሩ ይሮጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራችሁ «ስንት ሰው ገዛ?» የሚለውን ትታችሁ «ስንቱ ለብቻው አጥንቶ ገዛ?» ብላችሁ መጠየቅ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ስለ አክሲዮኑ የነገራችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከማን ሰማህ? መቼና በስንት ገዛህ? ድርጅቱ ባለፈው ዓመት አተረፈ ወይስ ከሰረ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያችኋል፤ አምስት ሰው ብትጠይቁ አምስቱም ወደ አንድ ቪዲዮ ወይም ወደ አንድ መልእክት ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ያኔ አምስት ብላችሁ አትቁጠሩት፤ አንድ ነው።

«በስንት ገዛህ?» የሚለውንም እንዳትተዉት። ዋጋው ታች ሳለ የገዛ ሰው እናንተ ዛሬ ስትገዙለት ይጠቀማል። ይህ ማለት ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ብዙው ሰው ከልቡ ነው የሚያወራው። ግን ሆን ብለው የሚያደርጉትም አሉ። ብዙም የማይገበያይ ርካሽ አክሲዮን በጸጥታ ይሰበስባሉ፤ ከዚያ ወሬውን ይነዙታል፤ ሰው ተግተልትሎ ሲመጣ ለመጣው ሰው ይሸጡለትና ይወጣሉ። ይህ በብዙ አገር ሕግ ወንጀል ነው፤ ሆኖም አልቀረም። «ለማንም እንዳትነግር»፣ «ዛሬ ማታ ሳይመሽ»፣ «መቶ በመቶ እርግጠኛ» የሚሉ ቃላት ስትሰሙ ወሬውን እዚያው ተዉት።

ስክሪንሹት የሚልከው ደግሞ ያተረፈ ሰው ብቻ ነው። የከሰረው ዝም ብሏል። አሥር ሰው ገዝቶ ሁለቱ ካተረፉ የምታዩት ሁለት ስክሪንሹት ነው፤ የስምንቱን ዝምታ አታዩትም።

ብልህ መሆን ብቻውን አያድንም

«እኔ እንኳን እንዲህ ዓይነት ነገር አይሸውደኝም» የሚል ሰው ካለ የአይዛክ ኒውተንን ታሪክ ይስማ። በ1720 እንግሊዝ ውስጥ የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን በዓመቱ መጀመሪያ 128 ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ወደ 1,000 ፓውንድ ተጠጋ። ኒውተን በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኃላፊ ነው። ስለ ገንዘብም ስለ ሒሳብም የሚያስተምረው አልነበረም። አክሲዮኑን በጊዜ ገዝቶ ነበር፤ ዋጋው መውጣት ሲጀምርም ጥሩ አትርፎ ሸጠ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ የስኬት ታሪክ ይሆን ነበር። ግን እሱ ከሸጠ በኋላም ዋጋው መውጣቱን ቀጠለ፤ የሚያውቃቸው ሰዎች በየቀኑ ሲከብሩ አየ፤ አልቻለም፤ ተመልሶ ገባ፤ ያውም በብዙ ገንዘብና በውድ ዋጋ። በሴፕቴምበር መጨረሻ አክሲዮኑ ከ200 ፓውንድ በታች ነበር። ኒውተን ብዙ ሀብት አጣ።

ይህን ታሪክ የማነሳው መጀመሪያ የወሰደው ውሳኔ ትክክል ስለነበረ ነው። ሒሳቡን አልሳተም። ያሸነፈው ሌሎች ሲያተርፉ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የእኛም ጠላት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፤ ካለማወቅ ይልቅ ሰው ሲያገኝ እየቀረን ነው የሚለው ስሜት። ስለዚህ ማንበብና መማር ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ስሜቱ ሲመጣ የሚይዛችሁ ነገር ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በሰዓቱ እናስብበታለን ካላችሁ በሰዓቱ አታስቡም።

በሰከነ ቀን ዝርዝር አውጡ

ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ አጥኚዎች ግለሰብ ኢንቨስተሮች ምን እንደሚገዙ መርምረው ያገኙት ነገር አለ። ግለሰቦች አብዝተው የሚገዙት ዓይን ውስጥ የገባ አክሲዮን ነው፦ ዜና ላይ የወጣ፣ በዚያ ቀን ከወትሮው በላይ የተገበያየ፣ በአንድ ቀን ክፉኛ የወጣ ወይም ክፉኛ የወረደ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስንሸጥ ምርጫችን በእጃችን ካሉት ጥቂት አክሲዮኖች መካከል ነው። ስንገዛ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፤ ሁሉንም ማየት ስለማንችል የምናየው የጮኸውን ነው። የጮኸው ደግሞ ለሁላችንም በአንድ ቀን ነው የሚጮኸው። ማንም ሳይጠራን አንድ ቦታ ላይ የምንገናኘው በዚህ ነው።

መድኃኒቱ ገበያው በተዘጋበት፣ ወሬ በሌለበት ቀን ተቀምጦ የራስን ዝርዝር ማውጣት ነው። አሥር ወይም አሥራ አምስት ድርጅት ይበቃል። ሥራቸው የሚገባችሁን ምረጡ። ከዚያ አንድ ሕግ አውጡ፦ ዝርዝሬ ላይ የሌለ አክሲዮን አልገዛም፤ አዲስ ስም ዝርዝሩ ላይ ካስገባሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላው አልገዛም። አንድ ወር ይበዛል የሚል ይኖራል። ጥሩ ድርጅት ከሆነ በሚቀጥለው ወርም ጥሩ ድርጅት ነው።

አንድ ገጽ ጻፉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ብባል ይህን ነው የምመርጥላችሁ። ማንኛውንም አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ቀን ጻፉበት። በራሳችሁ ቃል ይሁን፤ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ አይሠራም።

ገጹ ላይ መጀመሪያ ድርጅቱ ገንዘቡን ከምን እንደሚያገኝ ይጻፍ። ይህን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ እዚያው ቁሙ፤ ቀሪውን መሙላት አያስፈልግም። ቀጥሎ ዋጋው ከትርፉ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚመስል ጻፉ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 100 ከሆነና ድርጅቱ ለአንድ አክሲዮን በዓመት የሚያተርፈው 2 ከሆነ፣ ትርፉ ባለበት ቢቀጥል የከፈላችሁትን የሚያህል ትርፍ ለማግኘት 50 ዓመት ይፈጅበታል። ዋጋው ወደ 200 ሲወጣና ትርፉ 2 ላይ ሲቆይ 100 ዓመት ሆነ ማለት ነው። ሰው ሁሉ «ወጣ! ወጣ!» ሲል ድርጅቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ እናንተ የምትከፍሉት ብቻ ነው የጨመረው። ትርፉ በፍጥነት ያድጋል ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ጥሩ፤ ለምን እንደሚያድግ ጻፉት። «ዋጋው እየወጣ ስለሆነ» የሚለው ግን ምክንያት ሆኖ ገጹ ላይ እንዳይገባ። እሱ የመንጋው ድምፅ ነው።

ከዚያ ምን ብሰማ እሸጣለሁ የሚለውን ጻፉ። ይህ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። «ሁለት ዓመት በተከታታይ ሽያጩ ከቀነሰ»፣ «ዕዳው ከዚህ በላይ ከበዛ»፣ «ዋናው ደንበኛው ከተወው» እያላችሁ ተጨባጭ ነገር አስቀምጡ። በመጨረሻ ከማን ሰማሁት የሚል አንድ መስመር ይኑር። እውነቱን ጻፉ፤ ገጹን ሌላ ሰው አያየውም።

ወይም ይልቁንስ አንድ ሰው ይየው። በ1951 ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የታወቀ ሙከራውን አሳተመ። ሰዎችን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። መልሱ ሕፃን የማይስተው ነው። ግን ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ የአሽ ሰዎች ነበሩ፤ ተነጋግረው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ብቻውን የቀረው ሰው ዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ከእነሱ ጋር ተሳሳተ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር የተፈታኙ ስህተት በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ሰው በቂ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው ፈልጉ። የግድ የገበያ አዋቂ መሆን የለበትም። ለእናንተ «እሺ» የማይል፣ ያንን አክሲዮን ያልገዛ፣ ካልመሰለው ፊት ለፊት የሚናገር ይሁን። ገጹን አንብቡለትና «ለምን መግዛት እንደሌለብኝ ንገረኝ» በሉት። እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ ሰው ከልቡ ያስባል። «ጥሩ አይደል?» ካላችሁት ግን ጥሩ ነው ብሎ ይሸኛችኋል።

ሦስት ቀን ጠብቁ

ገጹ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ሦስት የገበያ ቀን ይለፍ። በ2021 ጌምስቶፕ የተባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም መሸጫ ድርጅት አክሲዮን በጃንዋሪ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ነበር። ጃንዋሪ 28፣ ሐሙስ ዕለት፣ በቀኑ ውስጥ 483 ዶላር ደረሰ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገበያው ሲዘጋ 90 ዶላር ነበር። ሐሙስ ገበያው በጦዘበት ሰዓት የገዛ ሰው ከገንዘቡ አምስት እጅ አራቱ በአራት የገበያ ቀን ውስጥ ሄዷል።

ስለ ጌምስቶፕ ትክክለኛውን መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚገበያዩ ትልልቅ ፈንዶች ዋጋው ይወርዳል፣ ያኔ በርካሽ ገዝተን እንመልሳለን ብለው አክሲዮኑን ተበድረው ሸጠውት ነበር፤ ተበድሮ የተሸጠው ብዛት በገበያው ላይ በነፃ ከሚዘዋወረው አክሲዮን ሁሉ በልጦ ነበር። ዋጋው ሲወጣ እነሱ መልሰው ለመግዛት ይገደዳሉ፤ ያ ደግሞ የበለጠ ያስወጣዋል። ይህን ቀድመው አይተው በ20 ዶላር የገዙ ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በ400 ዶላር የገባው ግን አብዛኛው የያዘው ምክንያት እነሱ ማትረፋቸው ነበር። አንዱ አክሲዮን፣ አንዱ ወር፣ ሁለት ዓይነት ገዢ።

ሌላም ነገር ነበረ። በዚያው ሐሙስ አንዳንድ የመገበያያ አፖች አዲስ መግዛትን ከለከሉ። መንጋው ውስጥ ስትሆኑ በሩ ሁልጊዜ የገባችሁበትን ያህል ሰፊ ሆኖ አይጠብቃችሁም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ «ባለው ዋጋ ግዛልኝ» ወይም «ባለው ዋጋ ሽጥልኝ» የሚል ትእዛዝ መስጠት አደገኛ ነው፤ አዝዛችሁ እስኪፈጸም ድረስ ዋጋው ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል። ሁልጊዜ ሊሚት ኦርደር ተጠቀሙ፤ ከዚህ በላይ አልገዛም፣ ከዚህ በታች አልሸጥም ብላችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ወስኑ።

መጠበቅ አንዳንዴ ያስቀራችኋል። ሦስት ቀን ጠብቃችሁ ዋጋው ሄዶ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ያናድዳል። ግን ያመለጠ ትርፍና ከኪስ የወጣ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ያመለጣችሁ ቀን ገንዘባችሁ በእጃችሁ ነው፤ ሌላ አክሲዮን ሌላ ቀን አለ።

ስንት እንደምታስገቡ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በብድር ግን በፍጹም

መንጋው የሚጎዳችሁ በገባችሁት ልክ ነው። እኔ ለአንድ አክሲዮን ከጠቅላላው ገንዘቤ ከ5 በመቶ በላይ አልሰጥም። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ገጹ ላይ ቀድሞ ይጻፍ እንጂ።

በብድር መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንዳንዶች ከአክሲዮኑ ዋጋ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ከፍለው ቀሪውን ተበድረው ይገዙ ነበር። እንዲህ ስትገዙ ዋጋው 10 በመቶ ሲወርድ የእናንተ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አልቋል፤ አበዳሪው ይሸጥባችኋል፤ ቆይቶ ቢመለስም እናንተ የላችሁም። የዳው ጆንስ ኢንዴክስ (የትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) በሴፕቴምበር 1929 ከነበረበት 381 ነጥብ በጁላይ 1932 ወደ 41 ወረደ። ወደነበረበት የተመለሰው በ1954 ነው። በ1987 ደግሞ ኦክቶበር 19 ቀን፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ 22.6 በመቶ ወርዷል። በብድር የገባ ሰው እንዲህ ያለውን ቀን ቁጭ ብሎ ማሳለፍ አይችልም፤ ሳይወድ በግዱ ከሚሸጠው መንጋ ጋር ይሸጣል። በራሱ ገንዘብ የገባ ሰው ቢያንስ የመቆየት ምርጫ አለው።

የኪሳራ ሒሳብ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። 50 በመቶ የወረደ ነገር ወደነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ መውጣት አለበት። 90 በመቶ የወረደው 900 በመቶ።

ሁሉም ሲሸጥስ?

መንጋው ወደ ታችም ይሮጣል፤ ያውም በበለጠ ፍጥነት። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ ኢንዴክስ ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ባለው አንድ ወር ገደማ ውስጥ 34 በመቶ ያህል ወረደ። በዚያን ሰሞን የሸጠ ሰው ምን ይሰማው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓለም ያለቀች መስሎ ነበር። ኢንዴክሱ በኦገስት 18 ወደ አዲስ ከፍታ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ምንም ቢሆን አትሽጡ፣ ሁልጊዜ ይመለሳል» የሚል ምክር ይሰጣል። ይህ እውነትነቱ ግማሽ ነው። የጃፓኑ ኒኬይ ኢንዴክስ በ1989 መጨረሻ የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ 34 ዓመት። የአሜሪካው ናስዳክ ኢንዴክስ በማርች 2000 ከ5,048 ነጥብ ተነሥቶ በኦክቶበር 2002 1,114 ደርሷል፤ ለመመለስ እስከ 2015 ፈጅቶበታል። እነዚህ ደግሞ ብዙ ድርጅት የያዙ ኢንዴክሶች ናቸው። አንድ ነጠላ ድርጅት ጭራሽ ላይመለስ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ገጹን አውጡ። ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የተለወጠው ምክንያቴ ነው ወይስ ዋጋው ብቻ? «ይህን ብሰማ እሸጣለሁ» ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር ደርሶ ከሆነ ሽጡ፤ የከሰራችሁም ብትሆኑ ሽጡ። ካልደረሰና ገንዘቡን በቅርብ ዓመታት የማትፈልጉት ከሆነ ሰው ስለሸጠ ብቻ የምትሸጡበት ምክንያት የለም። ደግሞ አስታውሱ፤ መንጋው ሲሸጥ አንዳንዴ እውነተኛ ምክንያት አለው። የድርጅቱ ሒሳብ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶ ሰው ቢሸሽ «እኔ ከመንጋው የተለየሁ ነኝ» ብሎ መቅረት ጀግንነት አይደለም። ሁልጊዜ ከብዙኃኑ ተቃራኒ የሚሄድ ሰውም ያው ውሳኔውን ለብዙኃኑ ነው የሰጠው፤ እነሱ ግራ ሲሉ ቀኝ ይላል እንጂ በራሱ አላሰበም።

እዚህ ላይ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ነገር በአክሲዮን ገበያ ብዙ ሰው ይጎዳል። ኦዲን የግለሰቦችን ሒሳብ መርምሮ እንዳገኘው ሰዎች ያተረፈላቸውን አክሲዮን ቶሎ ይሸጣሉ፤ የከሰረውን ግን አቅፈው ይቆያሉ። ካልሸጥኩት አልከሰርኩም ብለን ራሳችንን እናጽናናለን። ገበያው ግን እኛ በስንት እንደገዛን አያውቅም። በዚህ ላይ «ያዙ፣ እንዳትሸጡ፣ የሸጠ ከሐዲ ነው» የሚል ግሩፕ ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ይብሳል። አክሲዮን ስትሸጡ ማንንም አትክዱም። ግሩፑ የእናንተን ኪሳራ አይካፈልም።

መንጋው ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ

ይህን የምታነቡት ዘግይታችሁ ሊሆን ይችላል። በሰው ወሬ የገዛችሁት አክሲዮን አሁን በእጃችሁ አለ፤ ወጥቷል ወይም ወርዷል። ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ገጹን አሁን ጻፉ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አክሲዮኑ ባይኖረኝና በምትኩ ያን ያህል ጥሬ ገንዘብ ቢኖረኝ፣ ዛሬ በዛሬው ዋጋ እገዛው ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ያዙት፤ አሁን ምክንያቱ የእናንተ ሆኗል። «በፍጹም» ከሆነ የምትጠብቁት ነገር የለም። ቁርጥ ያለ መልስ ካጣችሁ ግማሹን ሽጡ። ግማሹን መሸጥ በሒሳብ ሲያዩት ቆንጆ መልስ አይደለም፤ ግን ቢወጣም ቢወርድም በጸጸት አቅላችሁን ስለማትስቱ የሚቀጥለውን ውሳኔ ረጋ ብላችሁ ትወስናላችሁ።

ከዚያ ለጥቂት ሳምንት የዋጋ ማሳወቂያውን ከስልካችሁ ላይ አጥፉት። ዋጋ በየደቂቃው እያዩ አለመነካት አይቻልም። ባርበርና ኦዲን ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን ግብይት ተከታትለው ነበር። አብዝተው የገዙና የሸጡት በዓመት በአማካይ 11.4 በመቶ አገኙ፤ ገበያው በጠቅላላ ያስገኘው 17.9 በመቶ ነበር። ትንሽ የተንቀሳቀሱት የተሻለ አገኙ።

ይህ ሁሉ ሥራ ይበዛብኛል ካላችሁ ነጠላ አክሲዮን መምረጡን ትታችሁ በየወሩ የተወሰነ መጠን በኢንዴክስ ፈንድ (አንድ ኢንዴክስ ውስጥ ያሉትን ድርጅቶች አክሲዮን በአንድነት በሚይዝ ፈንድ) ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ክፍያው በራሱ ጊዜ ከሒሳባችሁ እንዲቆረጥ አድርጉት፤ ገበያው ሲጦዝም ሲደነግጥም እናንተ በዚያ ቀን የምትወስኑት ነገር አይኖርም። ገበያው በሙሉ ሲወርድ አብራችሁ መውረዳችሁ አይቀርም። የአንድ አክሲዮን ወሬ ግን ከእንግዲህ አያስሮጣችሁም።

ነጠላ አክሲዮን የምትቀጥሉ ከሆነ ገጾቹን በአንድ ደብተር ያዟቸው። በዓመቱ መጨረሻ ለሁለት ክፈሏቸው፦ በራሳችሁ ጥናት የገዛችኋቸውና «ከማን ሰማሁት» በሚለው መስመር ላይ የሰው ስም ያለባቸው። የሁለቱን ውጤት ለየብቻ ደምሩና ኢንዴክስ ፈንዱ በዚያው ዓመት ካስገኘው ጋር አስተያዩት። አንድ ዓመት አጭር ስለሆነ ዕድልም ሊሆን ይችላል፤ ሦስት አራት ዓመት መዝግቡ። የመጀመሪያው ገጽ ዛሬ በእጃችሁ ስላለው አክሲዮን ይሁን፤ ከየት እንደሰማችሁት አሁን ሳትረሱት ጻፉ።